በልጄ ግድግዳ ላይ የነበረችው ሴት

ጽሑፌን በኑዛዜ ልጀምር። ባለፈው ክረምት በአሥራ ሰባት ዓመቷ የበኩር ልጄ ላይ እጄን አላነሳሁም፤ ግን ከዚያ ብዙም የማይሻል ነገር አድርጌያለሁ።

ሚዛን ቴፈሪን የምታውቁ ክረምቷንም ታውቃላችሁ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ በከሰል ሙቀት ያደረቅኩትን ልብስ ላስቀምጥ ወደ ልጄ ክፍል ስገባ ከአልጋዋ በላይ አንድ ፎቶግራፍ ተለጥፎ አየሁ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ የታተመ ነው። አንዲት ቀጭን ነጭ ሴት፤ ትከሻዋን የገለጠ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ የተደራረበ ዕንቁ አለ፤ ጓንቷ ከክርኗ ያልፋል፤ በጣቶቿ መካከል ረጅም የሲጋራ መያዣ ይዛለች። ዓይኔ ሲጋራው ላይ ቀረ። የመጋቢ ልጅ መኝታ ቤት! የሴቶች ኅብረት እህቶች ለጸሎት ሲመጡ ቢያዩትስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ መጀመሪያ የታሰበኝ እግዚአብሔር አልነበረም፤ የእህቶች ወሬ ነበር። ነቅዬ ቀደድኩት።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ማንም ትሁን።»

«ኢትዮጵያ መጥታ ነበር እኮ። ለረሃቡ።»

ማታ ባለቤቴ ከአገልግሎት ሲመለስ የሆነውን ነገርኩት፤ ያግዘኛል ብዬ ነበር። ካፖርቱን እያወለቀ «ከመቅደድሽ በፊት ማን እንደሆነች ጠይቀሻታል?» አለኝ። አልጠየቅኩም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ መምህሮቻችን ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ቢኖር ክፍሉን ሙሉ ሳታነቡ አትስበኩ የሚለው ነው። እኔ አንድ ገጽ እንኳን ሳላነብ ሰብኬ፣ ፈርጄ፣ ቀድጄ ጨርሼ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ምሽቶች መብራትና ኔትወርክ በተገናኙ ቁጥር ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ። እርስዋ ታነባለች፣ ትተረጉማለች፤ እኔ ጀንፈል እየለቀምኩ እሰማለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

የሴትዮዋ ስም ኦድሪ ሄፕበርን ነው። በግንቦት 1929 ብራስልስ ውስጥ ተወለደች። እናቷ የሆላንድ ባላባት ወገን ናት፤ አባቷ የእንግሊዝ ዜግነት ያለው ሰው ነበር። በ1935፣ ልጅቱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባትየው ቤቱን ጥሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ልጄን «እለፊው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጦርነቱ ሲጀመር እናትየዋ ሆላንድ እንደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከጠብ ውጭ ትሆናለች ብላ ልጇን አርንሄም ወደምትባል ከተማ ወሰደቻት። በ1940 ጀርመኖች ገቡ። የእንግሊዝ ስም አደጋ ስለነበረ ልጅቱ ሌላ ስም ይዛ አደገች። በ1942 አጎቷ ከሌሎች ጋር ለበቀል ተረሸነ፤ አንዱ ወንድሟ ለግዳጅ ሥራ ወደ በርሊን ተወሰደ። እርስዋ የባሌ ዳንስ ተማሪ ስለነበረች መስኮቱ ተጋርዶ በሰው ቤት ውስጥ እየጨፈረች ለአርበኞቹ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ተመልካቹ ሲያበቃ አያጨበጭብም፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል ተብሎ ይፈራል። ይህን ስሰማ በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወላጆቻችን በየቤቱ በር ዘግተው፣ ድምፅ አፍነው የዘመሩት መዝሙር ትዝ አለኝ።

ከዚያ የ1944 ክረምት መጣ። ምግብ ወደ ምዕራብ ሆላንድ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያ ክረምት ወደ 20,000 ሰው በረሃብ እንደሞተ ይነገራል። ሰዎች ቱሊፕ የሚባለውን አበባ ሥር እየቆፈሩ በሉ፤ ሽንኩርት የሚመስል ነገር ነው። እኛ በዚህ አገር ከመሬት ቆፍሮ መብላትን እናውቅበታለን፤ ጎደሬ አለን፣ እንሰት አለን፣ ቦዬ አለን። የአበባ ሥር ግን ሌላ ነው። ልጅቱ ደሟ አነሰ፣ እግሯ አበጠ፣ ቆዳዋ ቢጫ ሆነ። በ1945 ነፃ ሲወጡ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። የእርዳታ ምግብና መድኃኒት ደረሰላቸው። ከዕርዳታው መጀመሪያ ያገኘችውን ስኳር የበዛበት ገንፎ በልታ ታመመች፤ የተራበ ሆድ ወዲያው አይችልም። ያን ጊዜ የደረሰላትን እጅ እስክትሞት አልረሳችውም።

ልጄ የምታደንቀው ቅጥነት ከዚህ የመጣ ነው። «አየሽ፣ እኛ ቁርስ የምንተወው እርስዋን ለመምሰል ነው» አለችኝ ልጄ፤ አፍራ። ቁርሷን እንደምትተው አላውቅም ነበር። እህቴ ሆይ፣ የሴት ልጅ እናት ከሆንሽ ዛሬ ማታ ሳህኗን እዪ።

ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄደች። ባሌሪና መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ነገር ግን ቁመቷ ረዝሟል፣ ረሃቡም ጉልበቷን አዳክሞታል ተባለች። ሕልሟ እዚያ አበቃ። ሆድ ለመሙላት በመድረክ ትርኢትና በትናንሽ የፊልም ክፍሎች መሥራት ጀመረች፤ በ1951 ኮሌት የምትባል የፈረንሳይ ደራሲ አይታት ኒውዮርክ ላይ ለሚሠራው «ጂጂ» የተሰኘ ትያትር ይቺ ትሁንልኝ አለች። በ1953 «ሮማን ሆሊዴይ» የሚባለው ፊልም ወጣ፤ ከቤተ መንግሥት አምልጣ በሮም ከተማ አንድ ቀን እንደ ሰው የኖረች ልዕልት ታሪክ ነው። አብሯት የሠራው ግሪጎሪ ፔክ የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ ግን የእርስዋም ስም እንደ እርሱ ከፊልሙ ርዕስ በላይ ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። ዝናውን ለሌላ ያካፈለ ሰው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ በእኛም አገልግሎት ብዙ አይገኝም። በ1954 ኦስካር አገኘች፤ በዚያው ሰሞን ለትያትር የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት ቶኒን ደገመች።

ያን ፊልም ከልጄ ጋር አየሁት፤ ወደድኩትም። «ዘ ነንስ ስቶሪ» የሚለውን የ1959 ፊልም ደግሞ ባለቤቴም መጥቶ አብሮን አየ። በኮንጎ ነርስ ሆና የምታገለግል አንዲት መነኩሲት ታዛዥነትን ከራሷ ጋር ስትታገል ያሳያል። ባለቤቴ ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አገልጋይ የሆናችሁ ሰዎች ብታዩት የሚነካችሁ ቦታ አለው።

ጥቁር ቀሚስ የለበሰችበትን የ1961 ፊልም ግን ላወድስላችሁ አልችልም። እዚያ ውስጥ የምትጫወታት ሴት በወንዶች ገንዘብ የምትኖር ናት፤ ልጄም ይህን አልደበቀችኝም። ቀሚሱን የሠራው ዚቫንሺ የሚባል የፓሪስ ሰው ነው። መጀመሪያ በ1953 ልትጎበኘው ስትመጣ ሌላዋን ሄፕበርን፣ ካትሪንን፣ ነበር የጠበቀው፤ በሩን ሲከፍት አንዲት የማያውቃት ቀጭን ልጅ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ወዳጆች ሆኑ። ለዚያ ፊልም ከተሠሩት ቀሚሶች አንዱ በ2006 ለንደን ላይ በጨረታ 467,200 ፓውንድ ተሸጦ ገንዘቡ በሕንድ ላሉ ድሆች እርዳታ ዋለ። በአንድ ጨርቅ! እኔና ባለቤቴ ሠርጋችን ላይ የለበስኩትን ቀሚስ በኪራይ ነው ያገኘነው፤ ከመመለሱ በፊት የወጥ ጠብታ ፈሶበት ሁለታችንም ሌሊቱን ስናጥብ አድረናል።

በነገራችን ላይ በእኛም አገር በዚያው ዘመን መድረክ ላይ የወጡ ሴቶች ነበሩ። የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ ይሠራ በነበረበት ጊዜ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ብቅ አለች፤ ከዘመናዊው ትያትራችን የመጀመሪያ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት። ቁንጅናዋንና አለባበሷን ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው ያረፈችው። ለእንደነዚህ ሴቶች ያጨበጨበው ሕዝብ ለልጁ ግን እንደ እነርሱ ሁኚ አይልም ነበር። እኔስ እላለሁ? ልጄ ትያትር ጥበብ መማር እፈልጋለሁ ካለችኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

ወደ ጋብቻው እንምጣ፤ ይህ መጽሔት የባለትዳሮች ነውና። በ1954 ሜል ፌረር የተባለውን ተዋናይ አገባች። ከምንም በላይ የምትፈልገው ልጅ ነበር፤ ፅንሱ ግን ደጋግሞ ይጨነግፍባት ነበር። በ1959 ፊልም ስትሠራ ከፈረስ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት እንደገና ፅንስ አጣች። በ1960 ወንድ ልጅ ሲወለድላት ሥራዋን ታቀዘቅዝ ጀመር። እኔም ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ልጄ መካከል ሁለት አጥቻለሁ። ያኔ አንዲት እህት መጥታ በቤታችሁ ያልተናዘዛችሁት ነገር ይኖር ይሆን አለችኝ። ቡና አፍልቼ፣ አጠጥቼ፣ ሸኝቻታለሁ። እስከ አሁን የፍንጃሉን ቁጥር አስታውሳለሁ፤ አራት ጠጣች።

ጋብቻው በ1968 ፈረሰ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም አገባች፤ በ1970 ሁለተኛ ልጅ ወለደች፤ እሱም ትዳር በ1982 በፍቺ አበቃ። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት አብሯት የኖረውን ሆላንዳዊ ሮበርት ወልደርስን አላገባችውም። ይህን ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን በትዳር ላይ የምታስተምረውን እኔም አስተምራለሁ። ግን ደግሞ ይህንን አስቡ፤ በዓለም ላይ ካሉት ሴቶች ሁሉ ቆንጆ የተባለች ሴት ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ፎቶ ተነሥቶ በጋዜጣ ስታየው ኖራለች። ቁንጅና ትዳር ይጠብቃል ብላችሁ ለሴት ልጆቻችሁ የምትነግሩ እናቶች እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

በ1967 «ዌይት አንቲል ዳርክ» የተሰኘውን ፊልም ሠርታ ለአምስተኛ ጊዜ ለኦስካር ከታጨች በኋላ ለስምንት ዘጠኝ ዓመት ያህል ከፊልም ራቀች። ልጆቿን አሳደገች፤ ስዊዘርላንድ ገጠር ውስጥ አትክልት ኮተኮተች። ብዙ ሰው የእርስዋ ታሪክ እዚያ ያበቃል ብሎ ነበር።

በመጋቢት 1988፣ በእኛ መጋቢት 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ለዩኒሴፍ፣ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋን አደረገች። ጉዞው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ሰሜኑ በድርቅም በጦርነትም መካከል ነው። መቀሌ ውስጥ 500 ሕፃናት ያሉበትን የወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ አየች። ዕድሜዋ 58 ነበር፤ ፊቷ ተጨማዶ ነበር፤ መጨማደዷንም አልደበቀችም። ተመልሳ በአሜሪካም በአውሮፓም በቀን እስከ 15 ቃለ መጠይቅ እየሰጠች ያየችውን ተናገረች። ከዚያ ሱዳን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም፣ በመጨረሻም በመስከረም 1992 ሶማሊያ ሄደች። ከሶማሊያ እንደተመለሰች ካንሰር ተገኘባት፤ በጥር 20 ቀን 1993 በ63 ዓመቷ አረፈች።

እኔ በ1980 ዓ.ም. ቴፒ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ረሃብን የምናውቀው በሬዲዮ ነበር፤ በደጃችን ሙዝ ይበሰብስ ነበር። ነገር ግን ረሃቡ ወደ እኛም በእግሩ መጥቷል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ደጋ የለመደ ሰው እንደኛ ባለ ደን መካከል ተራገፈ፤ ወባ ጨረሰው። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። ከእነርሱ አንዷ ዛሬ በጉባኤያችን ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ እናት ናቸው። ከመቀሌ አካባቢ ነው የመጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጄ በስልኳ ላይ ያገኘችውን ሌላ ፎቶ ልታሳየኝ አመጣች፤ ያቺው ሴት ያለ ዕንቁ፣ ያለ ጓንት፣ በተራ ሸሚዝ የእኛን አገር ሕፃን አቅፋ። እኚህ እናት «እስኪ» ብለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሴትዮዋን አላዩዋትም። ጣታቸውን ሕፃኑ ላይ አድርገው «አጉዪልኝ» አሏት ልጄን። አጎላችላቸው።

«ጆሮውን።»

ልጄ ጆሮውን አጎላች። ሲሳፈሩ ታሞ በመጠለያው ሐኪም ዘንድ የቀረ ልጅ እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ጆሮው ላይ የእሳት ጠባሳ እንደነበረው ግን አልነገሩኝም ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሴት ናት» አሉና ስልኩን መለሱ። ሦስተኛውን ፍንጃል ሳይጠጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ስለ ቀሚሱ አላወራችም።

አሁን የዘለልኩትን ልንገራችሁ። አባቴ ከቴፒ ወደ ጅማ ቡና የሚጭን ሾፌር ነበር። በ1978 ዓ.ም. ለሦስት ቀን ብሎ ሄደ። ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቡና እየለቀመች አሳደገችን። የዛሬ ሦስት ዓመት በአንድ የድሮ ጓደኛው በኩል ከጅማ ወዲያ በአንዲት ከተማ እንደሚኖር ሰማሁ፤ ባለቤቴን አስከትዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ ተለማምጄ ነበር። አሮጌ ሰው በር ከፈተልን። ወንበር አቀረበ። ወዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ እናትሽ ደህና ናት አላለም። እናቴ ማረፏን እንኳን አያውቅም። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ዘንድሮ ቴፒ ቡና ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ዳግመኛ ላልሄድ ማልኩ፤ እኔ ለሴቶች ኅብረት ስለ ይቅርታ ደጋግሜ ያስተማርኩ ሴት።

ልጄ ግን የአያቷን ነገር ሳታውቅ ያንን ገጽ አንድ ማታ ጮክ ብላ አነበበችው። ኦድሪ ሄፕበርን ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አባቷን በቀይ መስቀል በኩል አስፈልጋ ደብሊን ውስጥ አገኘችው። ሰውዬው እንደ እንጨት ቆሞ ነበር አሉ፤ ሊያቅፋት አልቻለም። ወደ ፊት ተራምዳ ያቀፈችው እርስዋ ናት። ምንም እንደማይሰጣት ገባት። እስኪሞት፣ እስከ 1980 ድረስ፣ መኖሪያውን ስትልክለት ኖረች።

ጀንፈሉን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ባለቤቴ ተከትሎኝ መጣ፤ ለምን እንደገባሁ አልጠየቀኝም። «ስንት ትልኪለታለሽ?» አለኝ።

ይህ በቀላሉ እንዳለቀ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም። የመጋቢ ደመወዝ ታውቃላችሁ። ሦስት ልጆች እናስተምራለን። አንዳንድ ማታ እኔው ራሴ ሐሳቤን ለውጬ ለእርሱ ከምንልክ ለምን ለእነዚያ እናት አንልክም፣ እርሱ ምን አድርጎልኛል ብዬ ተጣላሁት። ባለቤቴም በበኩሉ በጣም የተቸገርን ሰሞን «እንግዲህ ይኸው ገባንበት» ብሎ ተናግሮኛል፤ በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቆኛል። በመጨረሻ በወር 1,500 ብር ተስማማን፤ በስልክ ባንክ እንልካለን። ስድስተኛው ወር ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማንም። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እራት ስናቀርብ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ደርሷል» አለ።

«እሺ አባባ» አልኩ። አባባ ስለው በሕይወቴ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «ዘንድሮ ቡና ስንት ገባ?» አለኝ።

ዋጋውን አላውቀውም ነበር። «ቆይ አባባ፣ አትዝጋው» አልኩና ልጄን ቡና ነጋዴ ወደሆነው ጎረቤታችን ሮጣ እንድትጠይቅ ላክኋት። ዝናቡ እየጣለ ነበር፤ ነጠላዬን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። እስክትመለስ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።